ብርሃን በልክ፦ ዘር ድንችና መደርደሪያው በስሜን ደጋ

ድንች ለወጥ ከሆነ ጨለማ ይወዳል፤ ለዘር ከሆነ ደግሞ ብርሃን። እዚህ ድረስ ተመራማሪውም፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም፣ ገበሬውም ይስማማሉ። ከዚህ ወዲያ ያለው ግን ገና አልተቋጨም። ብርሃኑ ምን ያህል ይሁን? በየት በኩል ይግባ? መደርደሪያው ስንት ደርብ ይኑረው? ክዳኑ ሣር ይሁን ቆርቆሮ? ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ክፍቱ ግድግዳ በምን ይጋረድ? በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት የተቆፈረ ዘር ለግንቦት ተከላ እንዲደርስ 7 ወር ያህል መክረም አለበት። ከዳባትና ከደባርቅ እስከ ጃናሞራ ባለው ደጋ ድንች የሚተክል ቤተሰብ በየዓመቱ የሚጨነቀው በዚህ 7 ወር ነው፤ ይህ ዳሰሳም የሚያተኩረው እዚያው ላይ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ደጋው የሚጎድለው ትልቅ ናሙና መጋዘን አይመስለኝም። የሚጎድለው ብርሃኑንና ብርዱን እንደ ወራቱ ከፍ ዝቅ ማድረግ የሚያስችል፣ አንድ ቤተሰብ በራሱ እንጨት የሚያቆመው ትንሽ መደርደሪያ ነው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ወደ ታች ይታያል።

ድንች ወደ አገራችን የገባው በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በዊልሄልም ሺምፐር እጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1858 እንደሆነ በሰፊው ይጻፋል። ሰውዬው ለዚህ አካባቢ ባዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1837 ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ በስሜንና በትግራይ ገዢ በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ዘንድ ሞገስ አግኝቶ በእንጢጮ ላይ እስከ መሾም ደርሷል። ውቤ ጃናሞራ ውስጥ ያሠሯት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንድፍም የሺምፐር ነው ይባላል። ውቤ ሊነግሡባት ያዘጋጇት ደረስጌ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ያደረጋቸው ካሳ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠባት ሆነች። ሺምፐር ድንቹን ያስገባው እንግዲህ ጌታው ከወደቁ ከ3 ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። ደረስጌ ያለችበት የዛሬው የጃናሞራ ወረዳ መቀመጫ መካነ ብርሃን ናት፤ በዚህ ደጋ የድንቹን ታሪክ ከደረስጌ ለይቶ ማንሳት ያስቸግራል።

ገበሬው አዲሱን ሰብል ወዲያው አልተቀበለውም። ድንች በየደጋው የተስፋፋው ቀስ እያለ ሲሆን፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ የመጣው የክፉ ቀን ረኀብ እንዳፋጠነው ይነገራል። ጤፍና ገብስ ጎተራ አላቸው፤ ጎተራ ደግሞ የሺህ ዓመት ጥበብ ነው። ድንች ግን ጎተራ ሳይኖረው መጣ። ውኃ የበዛበት፣ የሚተነፍስ፣ ዓይን ያለው ነገር በጎታ ውስጥ አይከርምም። ገበሬው ባለው መላ ተጠቀመ፤ ያ መላ ዛሬም አለ።

አንደኛው መላ ጨርሶ አለመቆፈር ነው። ዘር የሚሆነው ድንች ግንዱ ከደረቀ በኋላ እዚያው አፈር ውስጥ ይተዋል። ውርጭ አይደርስበትም፣ ሌባ አያየውም፣ ቤት አይጠብብም። ነገር ግን ማሳው ለሌላ ሰብል አይለቅም፤ አይጥና ትል ይቦረቡሩታል፤ ያልታሰበ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ከፊሉ ይበሰብሳል፣ ከፊሉ ያለ ጊዜው ያጎነቁላል። ሁለተኛው ከቤት ማስገባት ነው፤ በጆንያ፣ በቆጥ ላይ፣ በአልጋ ሥር፣ በመሬት ላይ ክምር አድርጎ። ቆጡ ከምድጃ በላይ ከሆነ ሙቀቱ ጉንቁሉን ያፋጥነዋል፤ ዘር ለማስቸኮል ለፈለገ ሰው ይህ ጥቅም ነው፣ ማቆየት ለፈለገ ግን ጉዳት። ሁለቱም መንገዶች የሚጋሩት ነገር አለ፤ ዘሩ ጨለማ ውስጥ ነው።

ጨለማ የሚያደርገውን ለማየት በሚያዝያ አንድ ጆንያ ፈትቶ ማየት ይበቃል። ጉንቁሉ ነጭ ነው፤ ቀጭን ነው፤ እርስ በርሱ ተጠላልፎ የጆንያውን ቀዳዳ ሾልኮ ወጥቷል። ድንቹን ለማላቀቅ ሲሳብ ግማሹ ይቀነጠሳል። ድንቹ ራሱ ተጨማዶ ለስልሷል፤ ውኃውንና ስኳሩን ለዚያ ለማይረባ ነጭ ጉንቁል ከፍሎ ጨርሷልና። የተቀነጠሰው ዓይን እንደገና ያጎነቁላል፣ ግን በየዙሩ አቅሙ እየደከመ ነው። ብርሃን ባለበት መደርደሪያ ላይ የከረመው ዘር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጉንቁሉ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ድንቡሽ ያለ፣ እንደ ዝርያው አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ፣ በአውራ ጣት ሲገፉት ጸንቶ የሚቆም። ግርጌው ላይ ወደፊት ሥር የሚሆኑ ትናንሽ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ከአንድ ዓይን ብቻ ሳይሆን ከ3ም ከ4ም ዓይን ያቆጠቁጣል፤ ይህም ማሳ ላይ ብዙ ግንድ፣ ብዙ ግንድም ብዙ ድንች ማለት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አፈር ውስጥ ያለ ጉንቁል ሥራው ወደ ላይ ተመዞ ብርሃን ላይ መድረስ ነው። ጆንያ ውስጥም ብርሃን እስካላገኘ ድረስ አፈር ውስጥ እንዳለ ሁሉ መመዘዙን ይቀጥላል። በሕዋሳቱ ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ብርሃን ተቀባይ አለ፤ ጥቂት ብርሃን ሲነካው «ደርሰናል» የሚል መልእክት ያስተላልፋል፣ መመዘዙም ይቆማል። የሚያስፈልገው ብርሃን ጥቂት መሆኑን ልብ ይሏል። ቀጥተኛ ፀሐይ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ዘሩን ያሞቀዋል፣ ያደርቀዋል፣ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ከታዛ ሥር ወይም በግድግዳ ክፍተት የሚገባ፣ ጋዜጣ ለማንበብ የሚበቃ የተበተነ ብርሃን በቂ ነው።

ይህን ዕውቀት ወደ ቴክኖሎጂ የለወጠው ሊማ፣ ፔሩ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ነው። በዚያ 10 ዓመት ማብቂያ ላይ ሮበርት ቡዝ የተባለው የድኅረ ምርት ባለሙያና ሮበርት ሮድስ የተባለው አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በገበሬዎች መንደር ሠርተው ያረጋገጡት ነገር ቢኖር፣ ውድ የማቀዝቀዣ መጋዘን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ በመብራት ኃይል የሚሠራውን ሥራ አብዛኛውን ያህል ነጻ የቀን ብርሃን ሊሠራው እንደሚችል ነው። ሐሳቡ ከላቲን አሜሪካ እስከ እስያና አፍሪካ ተዳረሰ። የሮድስ ግኝት ግን ከቴክኒኩ ይልቅ የሰዎቹ ነገር ላይ ነው ጠንካራ የሆነው። በየአገሩ ተዘዋውረው ሲያዩ ገበሬዎች የባለሙያዎቹን ናሙና መጋዘን እንዳለ አልገለበጡም። የወሰዱት ሐሳቡን ነበር። አንዱ በቤቱ ታዛ ሥር ርብራብ ሠራ፤ ሌላው ነባር ጎተራውን በአንድ ጎን ከፈተው፤ ሌላው በረንዳው ላይ ደረደረ። ቡዝና ሮድስ እ.ኤ.አ. በ1982 «ከገበሬ ወደ ገበሬ» በሚል መንፈስ የጻፉት ጽሑፍ ምርምር ከገበሬው ጥያቄ ተነሥቶ ወደ ገበሬው ፍርድ መመለስ አለበት የሚል ነው። በእኔ ግምት በአገራችን ከዚህ ሥራ የተወሰደው ሥዕሉ ነው፤ ምክሩ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል።

የአገራችን የተደራጀ የድንች ምርምር እ.ኤ.አ. በ1975 በዓለማያ ተጀምሮ ኋላ ማዕከሉ ሆለታ ሆነ። የአዴት ምርምር ማዕከል ለሰሜን ምዕራቡ ደጋ ዘንገናንና ጓሳን እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 ሲለቅ፣ ከሆለታ ደግሞ ጃለኔ በ2002፣ ጉደኔ በ2006፣ በለጠ በ2009 ወጡ። በለጠ በምርምር ማሳ በሄክታር ከ400 ኩንታል በላይ ሰጥቷል፤ የገበሬው አማካይ ምርት ግን የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ክፍተቱን የሚሞላው ማዳበሪያና የምች መድኃኒት ብቻ አይደለም። ጥሩ ዝርያ ጨለማ ውስጥ ከከረመ ጥሩነቱን ይዞ ማሳ አይደርስም። ስለዚህ በወልመራና በጀልዱ ዘር አባዥ ገበሬዎች ሲደራጁ ብርሃን የሚያስገባው መጋዘን ከዝርያው ጋር አብሮ ሄደ። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ዲኤልኤስ ይሉታል። ግድግዳው ርብራብ፣ ውስጡ መደርደሪያ፣ ክዳኑ ሣር ወይም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ይህ ቤት ከሸዋ ወጥቶ ስሜን ሲደርስ ምን መለወጥ አለበት የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በሥልጠና መማሪያ ወረቀቶች ላይ ቶሎ የሚታለፈው ይህ ክፍል ስለሆነ።

መጀመሪያ ፀሐይ። መካነ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 13 ዲግሪ ላይ ናት። ዘሩ መደርደሪያ ላይ በሚከርምባቸው ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አጋማሽ፣ ፀሐይ ቀትር ላይ ሳይቀር በደቡብ በኩል ናት። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ከአድማስ ወደ 54 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች። ስለዚህ የመደርደሪያው ቤት ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መዘርጋት አለበት፤ ጠባቦቹ የምሥራቅና የምዕራብ ጎኖች ይደፈኑ፣ የጠዋትና የማታ ፀሐይ አግድም የምትገባው በእነሱ ነውና። በደቡብ በኩል 1 ሜትር ተኩል ቁመት ያለውን ክፍት ግድግዳ ከታኅሣሥ ፀሐይ ለመጋረድ ታዛው 1 ሜትር ከ10 ያህል መውጣት ይኖርበታል። በሰሜን በኩል ግን በእነዚያ ወራት ቀጥተኛ ፀሐይ ስለማይኖር ግማሽ ሜትር ታዛ ይበቃል፤ ያውም ለዝናቡ። በሁለቱም በኩል እኩል ታዛ የሚስለው የተለመደው ንድፍ በደቡብ ያንሳል፣ በሰሜን ይተርፋል።

ቀጥሎ ውርጭ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ነው፤ ከእሱ ከፍ ያሉ ቀበሌዎች ደግሞ ብዙ ናቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል። ድንች ከዜሮ በታች 1 ወይም 2 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ፀሐይ ሲነካው ውኃ ሆኖ ይፈሳል። የደጋው ብርድ በአንድ በኩል ትልቅ በረከት ነው፤ ዘሩ ረጅም ጊዜ ይተኛል፣ ትንኝና ብል ይቀንሳል፣ ቫይረስ የሚያዛምተው ክሽክሽም እንደ ቆላው አይረባም። ደጋው የዘር አገር ሊሆን የሚችለውም በዚህ ነው። ግን ለነፋስ እንዲከፈት የተባለው ግድግዳ ሌሊት ለውርጭም ክፍት ነው። መፍትሔው ግድግዳውን መድፈን አይደለም። ከሣር ወይም ከሰሌን የተሠራ፣ ከወራጁ ላይ የሚንጠለጠልና ማታ ወርዶ ጠዋት የሚጠቀለል መጋረጃ ማድረግ ነው። ክዳኑም በዚሁ ጉዳይ ይገባል። ቆርቆሮ ቀን ያግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ሲነጋ ከውስጥ በኩል ጤዛ አዝሎ ዘሩ ላይ ያንጠባጥባል። ሣር ክዳን ይሻላል። ቆርቆሮ ግድ ከሆነ ከሥሩ የሣር ኮርኒስ ይደረግለት።

አሁን ወደ መደርደሪያው ራሱ። ስሌቱን ከማሳው እንጀምር። ድንች በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ሲተከል በሄክታር 44,000 ያህል ዘር ይገባል። አንዱ ዘር በአማካይ 45 ግራም ቢመዝን 20 ኩንታል ነው። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 5 ኩንታል ይበቃል። ዘሩ ከ2 ወይም ከ3 ድርብርብ በላይ መቆለል የለበትም፤ ከሥር ያለው ብርሃን ያጣልና። በ2 ድርብርብ አንድ ካሬ ሜትር 50 ኪሎ ያህል ይይዛል። ስለዚህ የ5 ኩንታል ዘር 10 ካሬ ሜትር ርብራብ ይፈልጋል ማለት ነው። ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ባለ4 ደርብ መደርደሪያ ይህን ያህል ይሆናል።

ባለ4 ደርቡን ግን አልወደውም። የታችኛው ደርብ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በየደርቡ መካከል ደግሞ ግማሽ ግማሽ ሜትር ከተተወ የላይኛው ደርብ 2 ሜትር ላይ ይሰቀላል። ዘሩን የሚያገላብጥ፣ የበሰበሰውን የሚለቅም ማን ነው? በአብዛኛው ቤት ሴቶችና ልጆች ናቸው። 2 ሜትር ላይ ያለ ዘር አይታይም፤ ያልታየ ዘር ደግሞ በስብሶ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ርዝመቱን 2 ሜትር ከ70 አድርጎ ደርቡን 3 ብቻ ማድረግ ያው 10 ካሬ ሜትር ይሰጣል፤ የላይኛው ደርብም 1 ሜትር ተኩል ላይ ይሆናል። ወርዱ ከ1 ሜትር ከ20 እንዳይበልጥ ያደረገው ደግሞ ሁለት ነገር ነው። ከሁለቱም ጎን እጅ እስከ መካከል መድረስ አለበት፤ ብርሃንም እንዲሁ።

ደርቦቹን በሚስማር መምታት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን በካስማ ቢሆን እላለሁ። ቋሚው የባሕር ዛፍ እንጨት በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ይበሳል፤ ካስማ ይሰካበታል፤ ተሸካሚው አግዳሚ በካስማው ላይ ያርፋል። በሚቀጥለው ዓመት ዘሩ ካነሰ ሁለት ደርብ ብቻ አድርጎ ክፍተቱን ማስፋት ይቻላል። የመካከለኛው ደርብ ጉንቁል ነጭ ነጭ ማለት ከጀመረ ብርሃን አንሶታል ማለት ነውና ከላዩ ያለውን አንድ ካስማ ከፍ ማድረግ ነው። ለዚህ መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጉንቁሉ ራሱ መለኪያ ነው። አጭርና አረንጓዴ ከሆነ ብርሃኑ በቅቷል፤ ከተመዘዘና ከነጣ አንሷል፤ ከጠወለገና ጫፉ ከጠቆረ ፀሐይ ወይም ውርጭ አግኝቶታል። አንድ ደርብ 160 ኪሎ ገደማ ስለሚሸከም ካስማው የደረቀ ወይራ ወይም ወፈር ያለ ብረት ቢሆን ይመረጣል። የርብራቡ ክፍተት ከትንሹ ዘር የጠበበ ይሁን። እግሮቹ ከመቆማቸው በፊት ጫፋቸው እሳት ላይ ይለብለብ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ፤ ምስጥ አለ። ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ በየእግሩ ዙሪያ የቆርቆሮ ቁራጭ እንደ ጃንጥላ ይደረግ፤ አይጥ እዚያ ላይ ደርሳ ትመለሳለች።

ማዕከሎቹ የሚመክሩት የቀርከሃ ርብራብ አዊ ላይ ያምራል፤ እንጅባራ ዙሪያ ቀርከሃ ሞልቷል። ጃናሞራ ላይ ግን ባሕር ዛፍ ነው ያለው፤ እሱም ከቤትና ከማገዶ ጋር ይሻማል። ንድፉ ላይ የተጻፈውን እንጨት ከሌላ ወረዳ ገዝቶ ያመጣ ሰው ስሌቱ ከመጀመሪያው ይበላሽበታል።

ብርሃን በልክ የመስጠት ጣጣ የገበሬው ብቻ አይደለም። የውጭ አገር ሰዎች የባሕር ኮራል በትልቅ መስተዋት ገንዳ ውስጥ ሲያሳድጉ ከገንዳው በላይ በሰንሰለት ወይም በተንቀሳቃሽ ቋሚ ላይ መብራት ይሰቅላሉ። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ብርሃን ካነሳቸው ይራባሉ፣ ድንገት ከበዛባቸው ደግሞ ኮራሉ ይነጣል፤ ስለዚህ መብራቱ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየወረደ ኮራሉ ይለማመዳል። እነሱ መብራቱን ያንቀሳቅሳሉ፤ እኛ ፀሐይን ማውረድ ስለማንችል ደርቡን እናንቀሳቅሳለን። ከዚህ ቀረብ ያለውም ምሳሌ ሆለታ ነው። ከበሽታ የጸዳው ዘር የሚጀምረው በላብራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ፣ በመደርደሪያ ላይ ከተሰቀለ መብራት ሥር ነው፤ በቲሹ ካልቸር አሠራር መብራቱ በቀን 16 ሰዓት ይበራል። ያቺ ችግኝ ስንት ወቅት ተባዝታ ስሜን ትደርሳለች፤ መጨረሻዋ አልጋ ሥር ያለ ጆንያ ከሆነ የመጀመሪያው መብራት ምን ፈየደ?

የተባይን ነገር ባጭሩ እንለፈው። የድንች የእሳት እራት ትሏ በዓይኑ በኩል ይገባል፤ በከፍተኛ ደጋ ጉዳቷ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል በዘሩ ላይ መበተን በብዙ አገር የሚሠራበት መከላከያ ሲሆን እዚህ ደግሞ በደጅ የሚገኝ ነው። አጠውልግ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ከማሳ ታሞ የመጣ ድንች መደርደሪያ ላይ አይድንም። መፍትሔው ገና በአበባ ጊዜ የጠወለገውን ተክል ለይቶ ከነሥሩ መንቀልና ከዘሩ አለመቀላቀል ነው። አንዱን ቤት ለሁለት ሥራ ማዋልም ትልቅ ስሕተት ነው፤ የሚበላው ድንች ብርሃን ካገኘ ይመርራል። አረንጓዴነቱ ራሱ መርዝ አይደለም፤ አብሮት የሚከማቸው ሶላኒን ነው፣ እሱንም መቀቀል አያጠፋውም።

ስለ ገንዘቡ ሲጻፍ የማላየው ነገር ከዚሁ ከሶላኒን ይጀምራል። ብርሃን ላይ 2 ሳምንት የቆየ ድንች ከዚያ በኋላ የድስት አይደለም፤ ለሚበላ ድንች ነጋዴም አይሸጥም። መደርደሪያው ላይ ያወጣው ቤተሰብ እስከ ግንቦት ላይነካው ወስኗል ማለት ነው። በአንድ በኩል ጥሩ ቁልፍ ነው፤ ዘር በክረምት መግቢያ እንዳይበላ ይጠብቀዋል፣ በተከላ ሰሞን ዋጋ ሲወጣም የተረፈውን ለጎረቤት መሸጥ ይቻላል። በሌላ በኩል በኅዳር የልጅ ልብስ፣ የዕዳና የማዳበሪያ ክፍያ ሲመጣ ያ 5 ኩንታል ሊነካ የማይችል ሀብት ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን የመታውን ድርቅ የሚያስታውስ ሰው «ዘርህን አረንጓዴ አድርግ» የሚለው ምክር ለሁሉም ቤት እኩል እንደማይቀል ይገባዋል። ገበሬው ሐሳቡን አልቀበል አለ ሲባል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አለማወቅ ተደርጎ ይጻፋል። እኔ ይህን አልቀበልም። ያልቻለውን ካልገባው ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ዘር አባዥ ማኅበራት መደርደሪያ ላይ ያለውን ዘር ቆጥረው፣ በእሱ መያዣነት ለአባላቸው በኅዳር ብድር ቢሰጡ ከአንድ ትልቅ የሲሚንቶ መጋዘን የበለጠ ሥራ ይሠራሉ ባይ ነኝ። የማኅበር መጋዘን ሌላም ችግር አለው። የአንዱ ዘር ከሌላው ጋር ይቀላቀላል፤ ማን ያገላብጥ፣ ማታ መጋረጃውን ማን ያውርድ የሚለው የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል። በየቤቱ ታዛ ሥር ያለው ትንሹ መደርደሪያ ግን ባለቤት አለው።

የቀረው ጉዞው ነው፤ መልክዓ ምድሩ ጉዞን ቀላል የሚያደርግ አይደለም። በብርሃን የጸና ጉንቁል በአህያ ጀርባ መጓዝን ይችላል፣ ጆንያ ውስጥ ተጠቅጥቆ መጋጨትን ግን አይችልም። ዘሩ ከመደርደሪያው ሲወርድ በእንጨት ሳጥን ወይም ጎኑ በማይታጠፍ ቅርጫት ከ20 ኪሎ ባልበለጠ መጠን ይጫን፤ ከሥርና ከላይ ጭድ ይነጠፍ። ማሳ ሲደርስ በዕለቱ የሚተከለው ብቻ ይውረድ፣ የቀረው ጥላ ሥር ይቆይ። ቦዩ ውስጥ ሲቀመጥም ጉንቁሉ ወደ ላይ ይሁን፤ አፈሩ በእግር ሳይሆን በእጅ ይመለስ።